ነገሩ ከጥንስሱ ነው



የዛሬው ጉዳያችን እርሾ ነው። በቤቱ ቢራ የሚጠምቅ ሰው እርሾውን እንዴት ይመርጣል? መርጦስ እንዴት ያዘጋጀዋል? ጥያቄው አዲስ ይመስላል። መልሱ ግን ግማሽ ያህሉ ከእናቶቻችን ጓዳ ይገኛልና ከጓዳ ልጀምር።

ልጅ ሳለሁ አያቴ ጠላ በምትጠነስስበት ሰሞን ጓዳ መግባት ክልክል ነበር። እንስራው በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ ይታጠባል፤ ሲደርቅ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ከዚያ የተወቀጠ ጌሾ፣ አንድ ሁለት ጭብጥ ብቅልና ውሃ ይገባበትና አፉ ይሸፈናል። በሦስተኛው ቀን አያቴ እጄን ይዛ ታስገባኝና «ጆሮህን አስጠጋ» ትለኛለች። ጆሮዬን ከእንስራው ሆድ ሳስደግፍ፣ ደረቅ ቅጠል ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ያለ ድምፅ ከውስጥ እሰማለሁ። አንዳንዴ ግን ጭጭ ነው። ጭጭ ካለ አያቴ ያዘጋጀችውን ብቅልና ቂጣ ይዛ ትመለሳለች። «ነፍስ ካልዘራ እህሌን አልሰጠውም» ትላለች።

አያቴ በማይክሮስኮፕ አይታ አታውቅም። ነገር ግን ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር በሙሉ በዚያች አንዲት አነጋገሯ ውስጥ አለ። ዋናው እህል ከመሰጠቱ በፊት እህሉን የሚቀበለው ሕያው ፍጡር መኖሩ፣ ብርቱ መሆኑና በቂ መሆኑ ይረጋገጣል። በየአገሩ ያሉ የቤት ጠማቂዎች ብዙ ድካም አይተው የደረሱበት ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው።

ቋንቋችንም ይህን ያውቃል። አንድ ጉዳይ ገና ሲጀመር «ተጠነሰሰ» እንላለን። የሐሳብ ጥንስስ አለ፤ የሴራም ጥንስስ አለ። ሰው ገና ያላየው፣ በተሸፈነ ዕቃ ውስጥ እየሠራ ያለ፣ ኋላ ላይ ግን ሁሉን የሚወስን ነገር ጥንስስ ይባላል። ቃሉን ያወረሱን ጠማቂዎች ናቸው። የመጠጡ ጠባይ የሚወሰነው በመጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሆኑን ያውቁ ነበር።

ታዲያ ይህ ነፍስ የሚዘራው ነገር ምንድን ነው? እርሾ ከፈንገስ ወገን የሆነ ባለ አንድ ህዋስ ፍጡር ነው። ለቢራም፣ ለጠላም፣ ለጠጅም፣ ለዳቦም የሚያገለግለው ዋነኛው ዝርያ በሳይንስ ስሙ ሳካሮማይሲስ ሴሬቪዚዬ ይባላል። አንዱ ህዋስ ስፋቱ ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ነው፤ ከ100 በላይ ህዋሶች ጎን ለጎን ቢደረደሩ አንድ ሚሊሜትር ይሞላሉ። የሚራባው እንደ ቡቃያ ጎኑ ላይ አብጦ፣ ያበጠው ተገንጥሎ ራሱን ሲችል ነው። ከተመቸው በሁለት ሰዓት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ስኳር ሲያገኝ ይበላዋል፤ ከበላው ስኳር በክብደት ግማሽ ያህሉን አልኮል፣ ግማሽ ያህሉን ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ አድርጎ ይመልሰዋል። ያ ጋዝ ነው በእንስራው ሆድ ውስጥ ሲንሾካሾክ የሰማሁት።

የሰው ልጅ ግን ይህን ሠራተኛ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሳያውቀው አሠርቶታል። በ1516 እ.ኤ.አ. በባቫርያ የወጣውና እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው የቢራ ሕግ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውሃ ብቻ እንዲሠራ አዘዘ። እርሾ ሳይጠቀስ ቀረ፤ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ከዝርዝሩ ውጭ ነበር። በ1680 ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ በራሱ በሠራው አጉሊ መነጽር የቢራ እርሾ ድቡልቡል ቅንጣቶችን አየ፤ ሕያው መሆናቸውን ግን አልተረዳም። ያ የታወቀው በ1830ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ ሉዊ ፓስተር መጣ። በ1876 ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፍ ቢራ የሚበላሸው ሌሎች ጥቃቅን ሕያዋን ገብተውበት መሆኑን አስረዳ።

ቀጥሎ የመጣው ለእኛ ለጠማቂዎች ከሁሉም ይበልጣል። በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ነበረው። እዚያ ይሠራ የነበረው ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን የፋብሪካው እርሾ አንድ ዓይነት ሳይሆን የብዙ ዓይነት ድብልቅ መሆኑን አየ። ጥሩ ቢራ የሚሰጠውም፣ ቢራውን የሚያመርረውም በአንድ ዕቃ አብረው ይኖሩ ነበር። ሃንሰን አንዲት ህዋስ ለብቻዋ ነጥሎ፣ ከእርሷ ብቻ የተራባ ንጹሕ እርሾ በ1883 አዘጋጀ። ፋብሪካውም ይህን እርሾ በሚስጥር አልያዘውም፤ ለሌሎች ጠማቂዎች አካፈለ። ዛሬ ከመደብር በፓኬት የምንገዛው እርሾ ሁሉ የዚያች ነጠላ ህዋስ ሐሳብ ልጅ ነው።

እንግዲህ እርሾን ለመምረጥ ሁለት መንገድ አለ ማለት ነው። አንዱ የሃንሰን መንገድ ነው፤ አንዲቷን ነጥሎ ሌላውን ሁሉ ማስወጣት። ሁለተኛው የአያቴ መንገድ ነው፤ ብዙዎቹን አስገብቶ፣ ቤቱን ለተፈላጊው ብቻ እንዲመች አድርጎ ማሰናዳት። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ «በዘፈቀደ» የሚሉት አሉ። ዘፈቀደ አይደለም። እስቲ በቅርብ እንየው።

የጠላ እርሾ ከሱቅ አይገዛም። ከጌሾው ቅጠል፣ ከብቅሉ፣ ከዕቃው ጋር ይመጣል። ከእርሱ ጋር ግን የማይፈለጉ ባክቴሪያዎችና ሻጋታዎችም ይመጣሉ። ግራዋው ዕቃውን ይፈትጋል፤ ባለፈው ጠላ ጊዜ የተለጠፈው ቅሪት ይነሣል። የወይራው ጭስ ገላውን ያደርቃል፤ በጭሱ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች ብዙውን ተሕዋስ ይገድላሉ፤ መዓዛውም ለጠላው ይተርፋል። የጌሾው ምሬት ለብዙ ባክቴሪያ አይስማማም፤ እርሾው ግን ይችለዋል። በአውሮፓ ሆፕ ለቢራ የሚሠራውን ሥራ ጌሾ ለጠላ ይሠራል። አፉ ሲሸፈን አየር ያነሰዋል፤ አየር የሚሻው ሻጋታ ይዳከማል። የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ፈሳሹን ያኮመጥጡታል፤ ኮምጣጣውን የማይችል ይወጣል። በመጨረሻ አልኮሉ ራሱ ይነሣና የቀሩትን ያባርራል። በር በር ላይ እየተጠየቀ የሚገባበት ግብዣ ነው፤ እስከ አዳራሹ የሚዘልቀው የተፈለገው እንግዳ ብቻ ነው።

አሠራሩ እንደየአገሩ ይለያያል። ጎጃም፣ ጎንደር፣ ሸዋ፣ ወሎ ሁሉም የራሱ ወግ አለው፤ አንዱ በገብስ፣ አንዱ በዳጉሳ፣ ሌላው በማሽላ ይጠምቃል። ደረጃው ግን ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ ጥንስሱ፤ ቀጥሎ ብቅሉና ቂጣው፤ ቀጥሎ የታመሰው እህል ገብቶበት ወፍራሙ ድፍድፍ፤ በመጨረሻ ውሃው። ልብ በሉ፣ ምግቡ በአንድ ጊዜ አይሰጥም። እርሾው በጥቂቱ ተርቦ፣ በጥቂቱ በልቶ፣ ቁጥሩ ሲበዛ ይጨመርለታል። ይህ በሙያው ቋንቋ እርሾን ማባዛት ይባላል። ፋብሪካዎችም ከትንሽ ብልቃጥ ወደ ትልቅ፣ ከትልቅ ወደ ጋን እያሸጋገሩ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ቢራው ልሻገር። ብቅሉን በሞቀ ውሃ ነክራችሁ፣ ጣፋጩን ጭማቂ አጥልላችሁ፣ ከሆፕ ጋር አፍልታችሁ አቀዝቅዛችኋል እንበል። ይህን ጭማቂ የፋብሪካ ሰዎች ዎርት ይሉታል። የትኛውን እርሾ ትሰጡታላችሁ? አራት ነገር ጠይቁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሙቀት ነው። ቤታችሁ ስንት ዲግሪ ነው? የቢራ እርሾ በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላል። ኤል የሚባለው የቢራ ወገን እርሾ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ደስ ብሎት ይሠራል። ላገር የሚባለው ወገን ግን ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ይህ የላገር እርሾ ድቅል ነው። አንደኛው ወላጁ የታወቀው የኤል እርሾ ሲሆን ብርድ የሚችለው ሁለተኛው ወላጁ ለረጅም ዘመን አልታወቀም ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በደቡብ አሜሪካ ፓታጎንያ፣ በዛፎች ላይ የሚኖር ዘመዱን አግኝተው ሳካሮማይሲስ ዩባያነስ ብለው ሰየሙት።

ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል? አዲስ አበባ ላይ የምትጠምቁ ከሆነ፣ ፀሐይ የማይገባበት ጓዳችሁ ያለ ምንም መሣሪያ ለኤል እርሾ የተሠራ ቤት ነው ማለት ይቻላል። ለዚህ ዕድል በሌላ አገር ያሉ የቤት ጠማቂዎች ማቀዝቀዣ ይገዛሉ። ላገር ከፈለጋችሁ ግን እናንተም ማቀዝቀዣ ያስፈልጋችኋል። ድሬዳዋ ወይም ሌላ ቆላ የምትኖሩ ደግሞ አትዘኑ፤ ለእናንተም የሚሆን እርሾ አለ፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ መዓዛ ነው። እርሾ አልኮል ብቻ አይሠራም። አንዳንዱ እርሾ የሙዝ ሽታ ያወጣል፤ አንዳንዱ የቅርንፉድ። የጀርመን የስንዴ ቢራ ጠጥቶ ሙዝና ቅርንፉድ የሸተተው ሰው ካለ፣ ቢራው ውስጥ ሙዝም ቅርንፉድም አልገባም፤ የእርሾው ሥራ ነው። ሌላው እርሾ ዝምተኛ ነው፤ ብቅሉንና ሆፑን ከፊት አስቀድሞ ራሱ ከኋላ ይቆማል። ለጀማሪ የምመክረው ዝምተኛውን ነው። ስሕተት ሲፈጠር ስሕተቱ የእርሾው ጠባይ ነው ወይስ የእናንተ ጥፋት የሚለውን ለመለየት ይቀላል።

ሦስተኛው ጥያቄ አበላሉ ነው። ከጭማቂው ስኳር ምን ያህሉን ይጨርሳል? ፓኬቱ ላይ ብዙ ጊዜ በመቶኛ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። 65 በመቶ አካባቢ የሚል ከሆነ ጣፋጭነት ይተርፋል፤ 80ን የሚያልፍ ከሆነ ቢራው ደረቅ ይሆናል። አራተኛው አረጋጉ ነው። አንዳንዱ እርሾ ሥራውን ሲጨርስ ተያይዞ ወደ ሥር ይወርዳል፤ ቢራው ይጠራል። አንዳንዱ ደግሞ ተንሳፍፎ ይቀራል። ጉሽ ጠላ የሚወድ ሰው በዚህ አይከፋም፤ የጠራ ቢራ የሚሻ ግን ቀድሞ ይወቀው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚቀርብልኝን ጥያቄ ልመልስ። «የዳቦ እርሾ አይሆንም ወይ?» ይሉኛል። ዝርያው አንድ ነው፤ አልኮልም ይሠራል። ነገር ግን ለእርሻ የተመረጠ በሬና ለሥጋ የተቀለበ በሬ ሁለቱም በሬ ናቸው። የዳቦው እርሾ ለዘመናት የተመረጠው ሊጡን ቶሎ እንዲያነሣ ነው። ለመዓዛው፣ ለመርጋቱ፣ አልኮል ውስጥ ለመቆየቱ ማንም አልመረጠውም። ቢራውን ድፍርስ፣ የዳቦ ዳቦ የሚሸት ያደርገዋል። ሌላ ከጠፋ ተጠቀሙበት፤ ከተገኘ ግን የቢራውን ምረጡ።

ምርጫው ካለቀ ዝግጅቱ ይቀጥላል። ብዙ ቢራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልናገር።

ቁጥር አስፈላጊ ነው። 12 ፕላቶ የሆነ፣ ማለትም ከመቶ 12 እጅ ስኳርና መሰል ነገር የሟሟበት 20 ሊትር ጭማቂ ለኤል ቢራ 180 ቢሊዮን ያህል ሕያው ህዋስ ይፈልጋል። ላገር ከሆነ ብርዱ ሥራውን ስለሚያዘገይ እጥፉን ያሻል። ቁጥሩ ካነሰ ጥቂቶቹ ለመባዛት ሲደክሙ ይውላሉ፤ ሲጨነቁ ያልተፈለገ ሽታ ያወጣሉ፤ በዚያ መሐል በሩ ለባክቴሪያ ክፍት ይሆናል። ቢራው የሚያምረው እርሾው በብዛት ደርሶ ቤቱን ቀድሞ ሲይዘው ነው።

ደረቅ እርሾ ከገዛችሁ ነገሩ ቀላል ነው። 11 ግራም ያህል የሚመዝነው አንዱ ፓኬት ለ20 ሊትር ኤል ታስቦ የተዘጋጀ ነው። የአገልግሎት ጊዜው የሚያበቃበትን ቀን ተመልከቱ፤ ሻጩ ሙቀት ላይ አቆይቶት እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ የእርሾውን ክብደት ዐሥር እጥፍ፣ ማለትም 110 ሚሊ ሊትር ያህል፣ የፈላና ወደ 30 ወይም 35 ዲግሪ የበረደ ንጹሕ ውሃ በንጹሕ ብርጭቆ አድርጉ። እርሾውን ከላይ ነስንሱት፤ ወዲያው አታማስሉት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ርሶ እንደ ክሬም ይሆናል። ያን ጊዜ በቀስታ አዋሕዱት።

አሁን በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ቢራዬን የጠመቅሁ ቀን መሽቶብኝ ነበር። ጭማቂው ገና ትኩስ ነው፤ እጄን ድስቱ ላይ አሳርፌ «በቃ በርዷል» አልሁ። ቴርሞሜትር ነበረኝ፤ አላወጣሁትም። እርሾውን ገለበጥሁበት። በማግስቱ ጭጭ፤ በሦስተኛው ቀን ጭጭ። በአምስተኛው ቀን ክዳኑን ስከፍት ፊቱ ላይ ነጭ ቆዳ ለብሷል፤ የሚሸተውም አቸቶ ነው። የአያቴ ቃል ትዝ አለኝ። ነፍስ መዝራቱን ሳላረጋግጥ ሃያ ሊትር እህል ሰጥቼ ነበር፤ ያውም በሙቀት ለገደልሁት እርሾ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው ነው። ከዚያ ወዲህ ቴርሞሜትሩ ሳይገባ እርሾ አይገባም። በእርሾውና በጭማቂው ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት ከ10 ዲግሪ እንዳይበልጥ ጥቂት ጥቂት ጭማቂ በብርጭቆው ላይ እየጨመርሁ አለማምደዋለሁ።

ፈሳሽ እርሾ ያለው፣ ወይም ከቆየ እርሾ የሚነሣ ሰው ግን ጥንስስ ያስፈልገዋል። አዎ፣ ጥንስስ ነው የምለው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም። አሠራሩን ልዘርዝር። ከጠመቃው ቀን ሦስት ቀን በፊት 200 ግራም የተፈጨ የገብስ ብቅል በአንድ ሊትር ተኩል ውሃ አድርጉ። ሙቀቱን ከ65 እስከ 67 ዲግሪ አድርጋችሁ ለአንድ ሰዓት አቆዩት። በዚህ ሙቀት የብቅሉ ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል፤ ብትቀምሱት ይጣፍጣል። በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉትና አፍሉት።

አፈላሉ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የውጭ መጻሕፍት 15 ደቂቃ ይላሉ፤ እኔ 25 ደቂቃ አፈላለሁ። ይህ እርሾዎችንና አብዛኞቹን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ስፖር የሚባለው የተሸሸገ የባክቴሪያ ዘር ግን አይሞትም። ስለዚህ ያፈላችሁትን ጭማቂ ለነገ አታሳድሩት፤ እንደበረደ ዕለቱኑ እርሾውን ስጡት።

ድስቱን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ በፈላ ውሃ በታጠበ የመስታወት ዕቃ ገልብጡት። እርሾውን ጨምሩ። አፉን በፎይል ሸፍኑት፤ አታሽጉት፤ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። ከዚያ ባለፋችሁ ባገደማችሁ ቁጥር ዕቃውን እያዟዟራችሁ ነቅንቁት። እርሾ ሊባዛ ሲል የህዋሱን ሽፋን የሚሠራበት ኦክስጅን ይሻል፤ መነቅነቁ አየር ያስገባለታል። በዋናው መጥመቂያም እርሾው ሲገባ አንድ ጊዜ አየር ማግኘቱ መልካም ነው። መፍላት ከጀመረ በኋላ ግን አየር ጠላት ነው።

በማግስቱ ምን ታያላችሁ? ፊቱ ላይ ነጣ ያለ አረፋ ይቆማል። ፈሳሹ ይደፈርሳል፤ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ከሥሩ ትንንሽ አረፋ ተከታትሎ ይወጣል። ስታሸቱት ትኩስ ዳቦና የደረሰ ፍራፍሬ ይሸታል። ይህ ጤና ነው። አቸቶ ከሸተተ፣ ሻጋታ ከታየበት፣ ቅቤ ቅቤ ካለ ወይም ሲስቡት እንደ ልጋግ ከተንዘላዘለ ግን ለምነው አይድንም፤ ድፉት። አንድ ሊትር ጥንስስ መድፋት ሃያ ሊትር ቢራ ከመድፋት ይቀላል። አያቴ ብቅሏን ይዛ የተመለሰችው ለዚህ ነበር። ጥንስሱ ጤነኛ ከሆነ በሁለተኛው ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡት፤ እርሾው ወደ ሥር ይረጋል። በጠመቃው ዕለት የላዩን ፈሳሽ አፍስሳችሁ ክሬም የመሰለውን ብቻ ትሰጣላችሁ።

ቢራው ሲያልቅ ደግሞ የመጥመቂያውን ሥር አትድፉ። ንጹሕ ውሃ ጨምራችሁ አዟዙራችሁ ጥቂት ብታስቀምጡት ይለያያል። ከባዱና ጠቆር ያለው ቆሻሻ ከሥር ይቀራል፤ ክሬም የመሰለው ነጭ ሽፋን ከላዩ ይሰፍራል። ነጩን በንጹሕ ዕቃ ወስዳችሁ፣ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሆነ ቀጣዩን ቢራ በእርሱ መጥመቅ ይቻላል። ከዚያ ከቆየ በጥንስስ አንቁት። አንድ ፓኬት በዚህ ሁኔታ አራት አምስት ጊዜ ያገለግላል።

ክቡራትና ክቡራን፣ ቀድሜ ለቆላ የሚሆን እርሾ አለ ብዬ ነበር። ያ እርሾ የመጣው ከቆላ አይደለም፤ ከብርዱ አገር ከኖርዌይ ነው። በምዕራብ ኖርዌይ ገጠር ገበሬዎች የየቤታቸውን እርሾ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲያወርሱ ኖረዋል። ክቫይክ ይሉታል። ቢራው ሲፈላ ከእንጨት የተሠራ ቀለበት ወይም ጨርቅ በእርሾው ይነክራሉ፤ አድርቀው ይሰቅሉታል። የሚቀጥለው ድግስ ሲደርስ ቀለበቱ ጭማቂው ውስጥ ይገባል። የአንዱ ቤት እርሾ ከተበላሸ ከጎረቤት ይዋሳል። በአንዳንድ አካባቢ እርሾው ሲገባ እንዲነቃ ይጮኹለታል። ይህ እርሾ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ችሎ በጥቂት ቀን ሥራውን ይጨርሳል። ለድሬዳዋ ቤት የተስማማ ነው ያልሁት ለዚህ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረመል ጥናት እነዚህ እርሾዎች ከሌሎቹ የቢራ እርሾዎች የተለዩ፣ እርስ በርስ የሚዛመዱ ቤተሰብ መሆናቸውን አሳይቷል። ዛሬ በፓኬት ታሽገው በብዙ አገር ይሸጣሉ። ይህ የሆነው ጥቂት ሽማግሌዎች የአባቶቻቸውን ቀለበት ስላልጣሉ ነው።

እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ነው። የእኛ እናቶች የእርሾ መንገድ ከዚህ ያነሰ አይደለም። ጌሾው ከየትኛው ማሳ እንደሚቆረጥ፣ ቅጠሉ ስንት ቀን እንደሚደርቅ፣ ጥንስሱ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ የትኛው ቤት ጠላ «እጇ ያለበት» እንደሚባል እያንዳንዷ ታውቃለች። ያ «እጅ» የምንለው ነገር አብዛኛው የእርሾ አያያዝ ነው። ነገር ግን ዕውቀቱ ያለው በአፍና በእጅ ነው። ባለሙያዋ ስታልፍ አብሮ ያልፋል። ልጆቿ ከተማ ገብተዋል፤ ከፊሎቹም ባሕር ተሻግረዋል። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ዘመዶቼ ለበዓል ጠላ ሲጠምቁ ጌሾውን ከባልትና ሱቅ፣ እርሾውን ከመደብር በፓኬት ይገዛሉ። አሜሪካ ቢራን በቤት መጥመቅ በፌዴራል ሕግ የፈቀደችው በ1978 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ሕጉን ከፈረሙ በኋላ ነውና፣ መደብሩም ዕቃውም ሞልቷል። ጠላው ጥሩ ጠላ ነው፤ ግን የማንም ቤት ጠላ አይደለም።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት አንድ ሙከራ አደረግሁ። የጠላ ጥንስስ አረፋው በተነሣበት፣ ድምፁ በበረታበት ሰዓት በንጹሕ ማንኪያ ጨልፌ ንጹሕ ጨርቅ ላይ በስሱ ቀባሁት። ፀሐይ በማይነካው፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ሁለት ቀን ደረቀ። ፈርፍሬ በትንሽ ብልቃጥ አሽጌ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኖርሁት፤ በላዩም የማን ጌሾ፣ የትኛው ወር፣ የስንት ቀን ጥንስስ እንደሆነ ጻፍሁበት። ከሦስት ወር በኋላ አንድ የሻይ ማንኪያ ወስጄ በግማሽ ሊትር የብቅል ጭማቂ ውስጥ ጨመርሁ። የመጀመሪያው ቀን ምንም አልነበረም። ሁለተኛውም ቀን ምንም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ብልቃጡን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ፤ ካፊያው ነበረ።

ከእናንተ የምለምነው ብዙ አይደለም። ለቢራችሁ እርሾ ስትመርጡ ሙቀቱን፣ መዓዛውን፣ አበላሉንና አረጋጉን ጠይቁ። ስታዘጋጁት አትቸኩሉ፤ ቴርሞሜትሩ ይቅደም። ይህ ለራሳችሁ ነው። ለሁላችን ደግሞ ይህን አድርጉልኝ። እናታችሁ፣ አያታችሁ፣ አክስታችሁ፣ ወይም በሰፈራችሁ ጠላዋ የሚመሰገን አንዲት እናት በሚቀጥለው ጊዜ ስትጠነስስ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ከጎኗ ተቀመጡ። ስንት ጭብጥ እንደምታደርግ ቁጠሩ፤ ስንት ቀን እንደምትጠብቅ ጻፉ፤ ምን ስታይ «ደረሰ» እንደምትል ጠይቋት። ፈቃዷ ከሆነ ከጥንስሷ አንድ ማንኪያ አድርቃችሁ ስሟን ጽፋችሁ አኑሩ።

ከሁሉ በፊት ግን በሦስተኛው ቀን ጆሮአችሁን እንስራው ላይ ታስደግፉ ዘንድ ጠይቋት። እንደምትፈቅድላችሁ አልጠራጠርም።